የአሜሪካ ገበሬዎች ድጎማ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአሜሪካ መንግሥት ገበሬዎቹን መደጎም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1933 በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጊዜ ነው። ያኔ የእህል ዋጋ ወድቆ ገበሬው በዕዳ መሬቱን እየተነጠቀ ነበር። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በየገጠር ካውንቲው (ከክፍለ ግዛት በታች ባለው አስተዳደር) የሚገባው ገንዘብ ለማን እንደሚደርስ የሚወራው ግን ከሕጉ ጋር አልተራመደም።

«ድጎማው ሰብሉ ለጠፋበት ሰው ነው» ይባላል። ኤአርሲ የተባለውን ፕሮግራም እንይ። ስሌቱ በአብዛኛው የሚሠራው በካውንቲ ደረጃ ነው። የካውንቲው አማካይ ምርት በሀገር አቀፉ ዋጋ ይባዛል። ውጤቱ ካለፉት ዓመታት መነሻ በተወሰነ መጠን ሲያንስ ክፍያ ይለቀቃል። ስለዚህ የእርስዎን ማሳ በረዶ ቢያወድመውና የተቀረው ካውንቲ ጥሩ ቢያመርት፣ ከኤአርሲ ወፍ የለም! ጎተራዎ ሞልቶ ካውንቲው ከተጎዳ ደግሞ ገንዘቡ ይመጣልዎታል። ለራስ ማሳ ጉዳት የሚደርሰው የሰብል ኢንሹራንስ ነው። እሱንም የሚሸጡት የግል ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ ከአረቦኑ ከግማሽ በላዩን በአማካይ መንግሥት ይሸፍናል።

ክፍያውም ቶሎ አይደርስም። የ2023 ሰብል ክፍያ የተለቀቀው በኦክቶበር 2024 ነበር። ዘንድሮ ባንክ በሩን ለሚያንኳኳበት ሰው ይህ ምን ይጠቅማል?

«በቆሎ የዘራ የበቆሎ ድጎማ ይወስዳል» የሚለውም ልክ አይደለም። ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ክፍያው የሚሰላው ዘንድሮ በተዘራው ሳይሆን፣ በቀድሞ ዓመታት አዘራር ተመሥርቶ በመዝገብ በሰፈረው መሬት ላይ ነው፤ ከእሱም በ85 በመቶው። ፒኤልሲ በተባለው ሌላው ፕሮግራም የበቆሎ መነሻ ዋጋ ለዓመታት በቡሽል (በእህል መስፈሪያው) 3.70 ዶላር ነበር፤ የ2025ቱ ሕግ ወደ 4.10 ከፍ አደረገው። ገበያው ከዚያ ሲወርድ ልዩነቱ ይከፈላል። መሬቱ በበቆሎ የተመዘገበ ገበሬ ዘንድሮ አኩሪ አተር ብቻ ቢዘራም የበቆሎውን ክፍያ ይወስዳል።

«መንግሥት ላለማረስ ይከፍላል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ከ1985 ጀምሮ አፈሩ በቀላሉ የሚሸረሸር ወይም ለውሃ ዳር የቀረበ መሬት ከ10 እስከ 15 ዓመት በኮንትራት ሊያርፍ ይችላል። ባለቤቱ ኪራይ ያገኛል፤ መሬቱን ግን ሣር ወይም ዛፍ ማልበስ አለበት። ቁጭ ብሎ መብላት አይደለም።

«ሁሉም ገበሬ ይደጎማል»? አይደጎምም። የኤአርሲና የፒኤልሲ ገንዘብ በአብዛኛው የሚሄደው ለበቆሎ፣ ለአኩሪ አተር፣ ለስንዴ፣ ለጥጥ፣ ለሩዝና ለኦቾሎኒ ነው። አትክልትና ፍራፍሬ አምራቹ እዚህ ውስጥ የለም። የሚከፈለው በኤከር፣ ማለትም በመሬት ስፋት፣ ስለሆነም ሰፊ መሬት ያለው ብዙ ያፍሳል። ለአንድ ሰው 125,000 ዶላር የነበረ ጣሪያ አለ፤ በ2025 ወደ 155,000 ከፍ ብሏል። ነገር ግን በሽርክና የሚያርሱ ቤተሰቦች እያንዳንዱን ሸሪክ ለብቻው ስለሚያስቆጥሩ፣ ጣሪያው ቀዳዳው ብዙ ነው።

የመጨረሻው «ገንዘቡ የሚቀረው አራሹ ኪስ ነው» የሚለው ነው። መሬት በጥሬ ገንዘብ ተከራይቶ የሚያርሰው ሰው ክፍያውን በስሙ ይቀበላል። ባለመሬቱም ይህን ስለሚያውቅ በሚቀጥለው ውል ኪራዩን ይጨምራል። የተከፋዮች ስም ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በኤአርሲና በፒኤልሲ ዝርዝር ግን እንዲህ ያለው አከራይ ስሙ አይገኝም።