ሞተር ቅየራ ምንድን ነው?

ከአቃቂ ወደ ገላን መውጫ መንገድ ዳር ያለ አንድ ጋራዥ ውስጥ ፊያት 124 ስፓይደር የምትባል ትንሽ ስፖርት መኪና ሞተሯ ወርዶ ቆማለች። ባለቤቷ 1.4 ሊትሩን ትቶ 2.0 ሊትር ሊያስገባላት ነው። ሞተር ቅየራ የምንለው ይሄን ነው፤ የደከመውን በራሱ ዓይነት መተካት ሌላ ነገር ነው።

ፍላጎቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። ሞተር ደግሞ ነዳጅ የሚያቃጥለው በሚስበው አየር ልክ ነው፤ ቱርቦ (አየር እየጨመቀ የሚያስገባለት መሣሪያ) ከሌለው እዚህ ከተማ ይደክማል። በአሮጌ 1.4 እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ የወጣ ሰው ሁለተኛ ማርሽ ላይ እየተጎተቱ መሄድን ያውቀዋል።

ከጉልበቱ በፊት ግን ክብደቱ ይጠየቅ። ትንሽ ስፖርት መኪና የምትወደደው ፊቷ ቀላል ሆኖ መሪዋ ስለሚታዘዝ ነው። ከባድ ሞተር ስትጭንባት ቀጥታው ላይ ትበራለች፣ ኩርባ ላይ ግን እንቢ ትላለች። ኤምጂቢ ጂቲ ቪ8 የተባለው ባለ ስምንት ሲሊንደር የእንግሊዝ ስፖርት መኪና (እ.ኤ.አ. 1973–1976) ያማረለት ለዚህ ነው፦ የሮቨር 3.5 ሊትር ሞተር አሉሚኒየም ስለነበር ክብደቱ ከነባሩ 1.8 ሊትር የብረት ሞተር ብዙም አይርቅም። ሊትሩ ወደ እጥፍ ተጠጋ፣ መኪናዋ ግን ያችው ሆና ቀረች።

ቦታ ሌላው ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣችው ሌላ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና፣ ሰንቢም ታይገር ውስጥ የፎርድ 4,261 ሲሲ ቪ8 ሲገባ፣ ከመጥበቡ የተነሳ አንዷ ካንዴላ የምትፈታው ከሹፌሩ ክፍል በኩል በተበሳ ቀዳዳ ነበር። የመሪው አሠራር ሳይቀር ተለውጧል። ይሄ እንግዲህ ፋብሪካ የሠራው ነው!

ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ ራዲያተሩ ሁሉም አዲሱን ጉልበት መቻል አለባቸው። ፍሬን ላይ ግን ድርድር የለኝም። ሞተር ለመግዛት ብር ተገኝቶ ለፍሬን ካልተገኘ ሥራው ባይጀመር ይሻላል። የሞተር ቁጥሩም ሊብሬ ላይ የተጻፈ ስለሆነ ለውጡን ሳያስመዘግቡ ለቦሎ መቅረብ ትርፉ መመላለስ ነው።

የገላኗ ስፓይደር ዕድለኛ ናት። 2.0 ሊትሩ የዚያው የ1.4ቱ ሞተር ቤተሰብ ነው፤ ፊያትም ራሱ በኋላ 124 ስፓይደር ላይ ገጥሞታል። ሆኖም ቁመቱ ከፍ ይላል። መካኒኩ ክፍተቱን ለመለካት ከጎረቤት ቤት ሊጥ አስመጥቶ ሞተሩ አናት ላይ ለጠፈ፣ ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋ፣ ከፈተ። ሊጡ እንደ እንጀራ ሳስቶ ነበር። ሞተር ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፤ በዚያች ክፍተት ኮፈኑን መምታቱ አይቀርም። ፊያት 1.6 ሊትሩን ሲያስገባ ኮፈኑ ላይ ሁለት ጉብታ ያወጣ ነበር። አሁን እዚህም አንድ ቀጥቃጭ ተጠርቶ ቆርቆሮውን እየለካ ነው።