የሐረር ሙዚየሞችና የአዲስ አበባ ትልልቅ ሙዚየሞች ትብብር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሐረር ሙዚየሞች በአዲስ አበባ ከሚገኙት ትልልቅ የመንግሥት ሙዚየሞች ጋር በውሰት፣ በጋራ ዐውደ ርእይና በባለሙያ ልውውጥ ይተባበሩ የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ተቃውሞውም አብሮ ይነሣል። ሥጋቱ በንቀት የሚታለፍ ባይሆንም፣ አብዛኛው ውሰትን ከርክክብ፣ ትብብርንም ከጥገኝነት ጋር ከማምታታት የሚመነጭ ነው።

«ቅርሱ አንዴ አዲስ አበባ ከሄደ አይመለስም።»

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም ሆነ በማንኛውም ሰው ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ስለዚህ ማዋስ በራሱ ባለቤትነትን አያዛውርም። ቅርስን የሚያስመልሰው መተማመን ብቻ ሳይሆን በጥንቃቄ የተጻፈ ውል ነው። ለምሳሌ አንድ የሐረሪ ስፌት ከመጫኑ በፊት የጠርዙ ክር የላላበት ቦታ፣ ቀይ ቀለሙ የደበዘዘበት ጎን፣ ማንጠልጠያው የተበጠሰ መሆን አለመሆኑ አንድ በአንድ ተጽፎና ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበታል፤ ሲመለስም የሚመረመረው ከዚሁ ወረቀት ጋር እየተመሳከረ ነው። የመመለሻው ቀን ያልተጻፈበትን ውል ግን አዋሹ ሙዚየም ባይፈርም ይሻለዋል። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ አሜሪካ ስትሄድ ብዙ ሰው ሠግቶ ነበር፤ ሆኖም በ2013 ወደ አገሯ ተመልሳለች። ባሕር ተሻግሮ የሚመለስ ቅርስ የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ የማይመለስበት ምክንያት የለም።

«ትልቁ ሰጪ፣ ትንሹ ተቀባይ ነው።»

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የትንሹ ሙዚየም ኃላፊዎች ራሳቸው አምነውበት ወደ ድርድር ሲገቡ ይታያል። በአንድ ትልቅ ሙዚየም የመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የሐረሪ ስፌት «የእጅ ሥራ» ከሚል ጽሑፍ ያለፈ ነገር ላይኖረው ይችላል። በሐረሪ ባህላዊ ቤት ግን ነደባ የሚባሉት የመቀመጫ መደቦች ከፍታቸውና ቦታቸው የተቀማጩን ክብር ያመለክታሉ፤ በግድግዳውም ላይ ስፌቶቹና ሳሕኖቹ ሥርዓት ጠብቀው ይደረደራሉ። የትኛው ስፌት የት እንደሚሰቀል፣ ለሠርግ የሚወጣው የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት የጀጎል እናቶች ናቸው። ይህ እውቀት ከሐረር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሀብት ስለሆነ፣ ውሉ ውስጥም እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ድርሻ መመዝገብ ይኖርበታል። በአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የግል ጥረት በመኖሪያ ቤታቸው ተጀምሮ ኋላ የራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው ሕንፃ የተዛወረው ሙዚየም፣ የብራና ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችን፣ ጌጣጌጦችንና የድምፅ ቅጂዎችን ይዟል፤ ይህን ክምችት የያዘ ቤት እጁን ዘርግቶ የሚደራደርበት ምክንያት አይታየኝም።

በሌላ በኩል ሐረር ከአዲስ አበባ የምትፈልገው አለ። ሠዓሊውና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ የተወለደው ሐረር ነው። በጀርመን አገር፣ በኮሎኝ ተምሮ በመመለስ የዘመናዊውን ሥዕል መንገድ ከቀየሱት አንዱ ሆነ፤ ሕይወቱ ያለፈው ግን በስደት በአሜሪካ ነበር። ጀርመን ቆይተው ከተመለሱት ሥዕሎቹ በርካቶቹ ዛሬ የሚገኙት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው፣ በስሙ በተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። አንድ የሐረር ተማሪ የከተማውን ልጅ ሥዕል በዐይኑ ለማየት ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ከሚጓዝ፣ አንድ ሸራ ለሦስት ወር ሐረር ቢሰነብት ምን አለበት?

«የእኛ ቤት ለእንዲህ ያለ ሥዕል አይመጥንም።»

በከፊል እውነት ነው። ይሁን እንጂ የዓለም ትልልቅ ሙዚየሞች እ.ኤ.አ. በ2014 የተስማሙበት መመሪያ ለአብዛኛው ዕቃ ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትንና ከ40 እስከ 60 በመቶ የአየር እርጥበትን ይፈቅዳል፤ የሚጠነቀቀውም በተለይ ከድንገተኛ መለዋወጥ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሐረር፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ካላቸው ቤቶቿ ጋር፣ ከቆላማዋ ድሬዳዋ ይልቅ ለዚህ ትቀርባለች። የሐረር ችግር ይልቁን ብርሃኑ ነው። ለወረቀትና ለብራና ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ)፣ ለዘይት ቀለም ሥዕል ደግሞ ከ200 ሉክስ ያልበለጠ ብርሃን ይመከራል፤ በቀትር በመስኮት የሚገባው የሐረር ፀሐይ ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መፍትሔው ወፍራም መጋረጃና ርካሽ የብርሃን መለኪያ ነው፤ ለዚህ አዲስ ሕንፃ መጠበቅ አያስፈልግም።

«ዋናው ካልመጣ ቅጂው ዋጋ የለውም።»

በብሔራዊ ሙዚየም ሕዝብ የሚጎበኛት ድንቅነሽ ራሷ ቅጂ ናት፤ እውነተኛው አጽም የሚጠበቀው በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነው።

«የመድን ወጪው ብቻውን ያከስረናል።»

ለአንድ ትንሽ ሙዚየም የግል መድን ዋጋ በእርግጥ ከባድ ነው። ይህን ችግር ሌሎች አገሮች የፈቱት ኃላፊነቱን መንግሥት እንዲወስድ በማድረግ ነው፤ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣ ሕግ፣ ለክልል ሙዚየሞች በውሰት የሚሰጥ ዕቃ ጉዳት ቢደርስበት መንግሥት ይክሳል። ያ ዋስትና የሚገኘው ግን ተዋሹ ሙዚየም ጥበቃውንና የአያያዝ ሁኔታውን ካስገመገመ በኋላ ነው። በእኛም አገር ለመጀመሪያው ሙከራ ትልቁ ሙዚየም መድኑንና ማሸጊያውን፣ የሐረሩ ደግሞ ከድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ጀምሮ ያለውን መጓጓዣ፣ ጥበቃና የባለሙያ ማረፊያ ቢችሉ ተገቢ ክፍፍል ይመስለኛል። ሣጥኑ ሐረር እንደደረሰ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይከፈት፣ የክፍሉን አየር እስኪለምድ መቆየት ስለሚኖርበት፣ የምረቃው ቀን ሲቆረጥና የክብር እንግዶች ሲጠሩ ይህም በውሉ ውስጥ አብሮ ሊጻፍ ይገባል።