«ማንንም አልመርጥም» ቢያሸንፍ ወንበሩ የማን ነው?

በህንድ የግዛት ምክር ቤት ምርጫ፣ በድምፅ መስጫው መሣሪያ ላይ ከዕጩዎቹ ሁሉ ግርጌ አንድ ቁልፍ አለ፤ «ኖታ» ይሉታል። ከተዘረዘሩት አንዳቸውንም አልፈልግም ማለት ነው።

ብዙ ሰው ኖታ ከበለጠ ምርጫው የሚሰረዝ ይመስለዋል። አይሰረዝም። 100 ሰዎች ድምፅ ሰጥተው 60ዎቹ ኖታን ቢጫኑ፣ ከቀሩት 40 ድምፆች 21 ያገኘው ዕጩ ወንበሩን ይረከባል። ይባስ ብሎ፣ ዕጩ ማስያዣ ገንዘቡ እንዲመለስለት ከሚቆጠሩት ድምፆች ከአንድ ስድስተኛ በላይ ማግኘት አለበት፤ ኖታ ግን ከእነዚህ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ስሌቱ የሚሠራው ከ100 ሳይሆን ከ40 ነው፤ 17 ድምፅ ያስፈልገው የነበረ ዕጩ በ7 ብቻ ገንዘቡን ያስመልሳል። ተቃዋሚው ሳያስበው የተቃወመውን ሰው ሸክም አቀለለለት ማለት ነው!

ታዲያ ቁልፉ ለምን አስፈለገ? ለምስጢር ነው። ቀድሞ መምረጥ ያልፈለገ ሰው ይህንኑ ለጣቢያው ኃላፊ ተናግሮ በመዝገብ ያስጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ አሠራር የድምፅን ምስጢራዊነት ይጥሳል ብሎ ቁልፉ እንዲገባ አዘዘ። በዚያው ዓመት ዴልሂና ራጃስታንን ጨምሮ በአምስት የምክር ቤት ምርጫዎች ሥራ ላይ ዋለ። በ2019 በማሃራሽትራ ግዛት ላቱር ገጠር በተባለው የምርጫ ክልል ኖታ ሁለተኛ ወጥቷል። ማሃራሽትራ ኖታ ሲበልጥ ምርጫው እንዲደገም በ2018 ወስና ነበር፤ ውሳኔው ግን የሚመለከተው የአካባቢ ምርጫዎችን ብቻ ነው።