ልጅን በመጠይቅ መመዘን፦ ስለ ጭንቀትና ድባቴ መለኪያዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጦርነቱ ሰሜን ወሎን በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ደሴና ኮምቦልቻን ደግሞ በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ካመሰ ወዲህ «ይህ ልጅ ምን ነክቶት ነው?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱም በየመምህራን ክፍሉም ይነሳል። መልስ ሲፈለግ መጠይቅ ይወጣል። ልጁ ከአራት አማራጭ አንዱን ያከብባል፣ ይደመራል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። መጠይቁ መልካም መሣሪያ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመደመሩ በፊት፣ ጥያቄው ሲነበብ ነው። በመምህራን፣ በወላጆችና በጤና ባለሙያዎች ዘንድ የሚዘወተሩትን ስህተቶች እንያቸው።

የተሳሳተው፦ «ጨዋ ልጅ ነው፣ ድምፁ እንኳ አይሰማም፤ ምን ይሆናል?»

እውነታው፦ የሚረብሽ ልጅ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ መድረሱ አይቀርም። የኋላ ዴስክ ጥግ ይዞ እጁን የማያወጣው፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባው ግን «አንገቱን የደፋ» ተብሎ ይመሰገናል። ጭንቀትና ድባቴ ከውጭ ብዙ አይታዩም፤ መጠይቅ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል የጎረምሳ ድባቴ ሁልጊዜ ሐዘን መስሎ አይመጣም። የምርመራ መስፈርቱ በልጆችና በአፍላ ወጣቶች ላይ መነጫነጭንና ቶሎ መቆጣትን ከሐዘን እኩል ይቆጥራል። «ባለጌ ሆነብኝ» የተባለው ልጅም መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው። «ደህና ነህ?» ብሎ መጠየቅ ግን አይቆጠርም፤ የሚመለሰው «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ሰላምታ እንጂ መረጃ አይደለም።

የተሳሳተው፦ «ቅጹ አማርኛ ሆኗል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

እውነታው፦ ትልቁ ጥፋት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ባለሙያ «ድብርት» ሲል ሕመሙን፣ ማለትም ድባቴን፣ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ «ደብሮኛል» ሲል ግን ትምህርቱ ሰልችቶታል፣ ኔትወርክ የለም፣ ቅዳሜን የሚያሳልፍበት አጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ደብሮሃል?» ተብሎ የተጻፈ ጥያቄ መሰልቸትን ይለካል። «ከፍቶህ ነበር? ሆድ ብሶህ ነበር?» ቢባል ለሐዘኑ ይቀርባል። ለጭንቀቱም «ሆድህን ባር ባር ይለዋል ወይ?» የሚለው ልጁ ሳይተረጎምለት ይገባዋል። «ጭንቀት» ራሱ ሰፊ ቃል ነው፦ የፈተና ውጥረትም፣ የገንዘብ ችግርም፣ ሕመሙም በዚያው ስም ይጠራሉ።

ከዚህ የባሰው የመልሱ ቃል ነው። አንድ ጥያቄ «እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል» ይላል፤ አማራጮቹ ደግሞ «በፍጹም፣ አንዳንድ ቀን፣ ከግማሽ በላይ ቀናት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል» ናቸው። የመጠይቁ ባለቤት «በፍጹም»ን «ይህ ችግር የለብኝም» ብሎ 0 ይሰጠዋል። በአማርኛ ግን «በፍጹም» አሉታን ያጠነክራል፦ «እንቅልፍ በፍጹም አልወስድ ብሎኛል»። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ያደረ ልጅ እዚያ ላይ ያከብባል። 3 የሚገባው 0 ያገኛል ማለት ነው። «በጭራሽ» እና «ምንም» የሚሉትም በዚሁ መንገድ ያሳስታሉ። መፍትሔው ሁለት ነው። ዓረፍተ ነገሩን በአሉታ አትጻፉት («እንቅልፍ አጥቼ አድሬአለሁ»)፤ አማራጩንም በቀን ቁጥር አድርጉት። ከ14 ቀን ውስጥ 0 ወይም 1 ቀን ከሆነ 0፣ ከ2 እስከ 6 ቀን 1፣ ከ7 እስከ 11 ቀን 2፣ ከ12 እስከ 14 ቀን 3። ማንበብ ለሚከብደው ልጅ 14 የባቄላ ፍሬ ዘርግቶ «የከፋህን ቀናት ያህል ወደዚህ አምጣ» ማለት ይቻላል።

«ሁለት ሳምንት»ም ለብዙ ልጅ የተጨበጠ ነገር አይደለም። ደሴም ባቲም የሰኞ ገበያ አላቸውና «ከዚያኛው ሰኞ ገበያ ወዲህ» ማለት ይሻላል። የምታውሉት ቅጽ ምን ያህል ጊዜ ወደ ኋላ ሄዶ እንደሚጠይቅ ደግሞ አስቀድማችሁ እዩ። ፒኤችኪው-9 (PHQ-9፣ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድባቴ መጠይቅ) የሁለት ሳምንት ነው፤ ሲኢኤስ-ዲሲ (CES-DC፣ የልጆች ድባቴ መጠይቅ) የአንድ ሳምንት፤ ኤስዲኪው (SDQ፣ የልጆች ስሜትና ባሕርይ መጠይቅ) የስድስት ወር። በአንድ ቁጭታ ሦስቱንም ማስሞላት ልጁን ያደናግረዋል።

አንዳንድ ጥያቄ ደግሞ በአንድ ከረጢት ሁለት ነገር ይይዛል። የፒኤችኪው-9 አምስተኛ ጥያቄ የምግብ ፍላጎት መቀነስን ወይም አብዝቶ መብላትን አንድ ላይ ይጠይቃል፤ ስለ እንቅልፍ የሚጠይቀው ሦስተኛውም እንደዚሁ። በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም የሚጾም ልጅ የምግብና የእንቅልፍ ጥያቄዎችን ከፍ አድርጎ ቢመልስ ጾሙ ሊሆን ይችላል። የ8ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ፈተና ሳምንትም እንደዚያው ነው። ቀኑን መቀየር ካልተቻለ ቅጹ ላይ «በጾም ላይ» ብሎ መጻፍ ምንም አያስከፍልም።

የቅጹን አማርኛ ለመፈተን ከአምስት እስከ ስምንት ልጆች በቂ መነሻ ናቸው። ጥያቄውን አንብቡላቸውና «ይህን ስጠይቅሽ ምን ማለቴ መሰለሽ? እስኪ በራሽ አባባል ንገሪኝ» በሉ። ሁለቱ የተለያየ ነገር ካሉ ቃሉ ይቀየራል። በከሚሴና በባቲ ዙሪያ ቤቱ ኦሮምኛ የሚያወራ ልጅ በአማርኛ ጥሩ ውጤት ስላለው ብቻ ስሜቱንም በአማርኛ ይናገራል ብላችሁ አታስቡ።

የተሳሳተው፦ «ክፍል ውስጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሙላው፤ ጊዜ ይቆጥባል»

እውነታው፦ በአንድ ዴስክ ሦስት ተማሪ በተቀመጠበት ማን ስለ ፍርሃቱ እውነቱን ያከብባል? ልጁን ለብቻው፣ ሰው የሚያየው ግን የማይሰማው ቦታ ውሰዱት፤ የግቢው ዛፍ ጥላ ከቢሮ ይሻላል። ማርክ የሚሰጠው መምህር አንባቢ አይሁን። ምስጢሩ የተጠበቀ እንደሆነ፣ ጉዳት የሚያደርስ ነገር ከተሰማ ግን ለሚረዳው ሰው እንደሚነገር ከመጀመሪያው ንገሩት። በይሉኝታ ለትልቅ ሰው ሁሉን «አዎ» የሚል ልጅም አለ፤ «ደስ ብሎኝ ነበር» እና «ከፍቶኝ ነበር» ላይ እኩል «በየቀኑ» ካለ መልሱን እንደገና ጠይቁት።

የተሳሳተው፦ «10 ከደረሰ ድባቴ አለበት»

እውነታው፦ ፒኤችኪው-9 እስከ 27 ይደርሳል፤ 5፣ 10፣ 15 እና 20 የሕመሙን ክብደት የሚለዩ መስመሮቹ ናቸው። ግን 10 የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። በዚሁ በአገራችን በአዋቂዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች እንኳ መስመሩ ይለያያል፦ በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ዘንድ 10፣ በገጠር ቡታጅራ ጤና ጣቢያዎች ግን 5 ተመራጭ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለቱም ስለ ደላንታ የ13 ዓመት ልጅ አይናገሩም።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። 1000 ተማሪ ካለበት ትምህርት ቤት 50ው በእርግጥ ታመዋል እንበል። መጠይቁ ከታመሙት 80 በመቶውን ይይዛል፤ ካልታመሙት 90 በመቶውን በትክክል ያልፋል። ከታመሙት 40ው ይያዛሉ፤ ካልታመሙት 950 ውስጥ 95ቱ በስህተት ይያዛሉ። 135 ልጅ «ከመስመር በላይ» ይሆናል፣ በእውነት የታመመው ግን 40 ብቻ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለ ቁጥር «ይህን ልጅ ተቀምጠህ አነጋግረው» ይላል እንጂ «ታሟል» አይልም። በሰልፍ ፊት ስም ዝርዝር ማንበብማ ጭካኔ ነው።

ለልጆች ተብሎ የተሠራው የጭንቀትና የድባቴ መጠይቅ፣ አርካድስም (RCADS)፣ የራሱ ወጥመድ አለው። 47 ጥያቄ ሲኖረው ስድስት ክፍሎችን ይለካል፦ የመለየት ጭንቀት፣ የማኅበራዊ ፍርሃት፣ አጠቃላይ ጭንቀት፣ ድንገተኛ ሽብር፣ የሚደጋገም ሐሳብና ድርጊት፣ ድባቴ። ጥሬው ድምር በሰንጠረዥ ልጁን ከእኩዮቹ ጋር ወደሚያነጻጽር ቁጥር፣ ወደ ቲ ነጥብ፣ ይቀየራል፤ አማካዩ 50 ነው፣ 65 አጠራጣሪ፣ 70 እና በላይ ከፍተኛ። ሰንጠረዡ ግን በአሜሪካ ልጆች ላይ፣ በጾታና በክፍል ደረጃ ተለይቶ የተሠራ ነው። ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ የ15 ዓመት ልጅ 5ኛ ክፍል ቢሆን ከማን ጋር ሊነጻጸር ነው? እዚህ ላይ ቲ ነጥቡን እንደ ግምት ይዞ፣ የልጁን ጥሬ ነጥብ ከራሱ የቀድሞ ነጥብ ጋር ማስተያየት ይበልጥ ይጠቅማል።

የተሳሳተው፦ «ድምር ድምር ነው፤ ማንም ይደምረዋል»

እውነታው፦ ሲኢኤስ-ዲሲ 20 ጥያቄ አለው፤ መስመሩ 15 ነው። ከእነሱ ውስጥ 4ኛ፣ 8ኛ፣ 12ኛና 16ኛው መልካም ስሜትን ይጠይቃሉ፣ ነጥባቸውም ይገለበጣል፦ 3 የነበረው 0፣ 0 የነበረው 3። መገልበጡን የረሳ ሰው አራቱም ላይ 3 ላከበበ ደስተኛ ልጅ 12 የሐሰት ነጥብ ይሰጠዋል፤ ከመስመሩ ሦስት ነጥብ ብቻ ይቀረዋል። ኤስዲኪውም የሚገለበጡ አምስት ጥያቄዎች አሉት፦ 7፣ 11፣ 14፣ 21፣ 25። የታለፈ ጥያቄ እንደ 0 አይቆጠርም። በአርካድስ ድባቴ ክፍል ከ10 ጥያቄ 9 ተመልሶ ድምሩ 12 ከሆነ፣ 12 ለ9 ተካፍሎ በ10 ይባዛል፤ 13 ይሆናል። በአንድ ክፍል ከሁለት በላይ ከታለፈ ግን ክፍሉ አይደመርም።

የተሳሳተው፦ «እናቱ ከልጁ ይልቅ ታውቃለች»

እውነታው፦ እናት ብዙ ታውቃለች፤ ምግብ መተዉን፣ ሌሊት መባነኑን። ውስጡን ግን ልጁ ነው የሚያውቀው። በ1987 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንታኔ ልጆች ስለ ራሳቸው የሰጡት መልስ ሌሎች ስለ እነሱ ከሰጡት ጋር ያለው ዝምድና በአማካይ 0.22 ብቻ እንደሆነ አሳይቷል (0 ምንም ዝምድና የለም፣ 1 ሙሉ ዝምድና ማለት ነው)። ዝቅተኛ ነው፤ አንዱ ዋሸ ማለት ግን አይደለም። ከ8 ዓመት ጀምሮ ልጁም ወላጁም ይጠየቁ፤ ሁለቱን ቁጥሮች ግን ለሁለት አካፍሎ አማካይ ማውጣት መረጃ ማጥፋት ነው። የተለያዩበትን ጥያቄ ነጥሎ «ይህን የት አየሽው እማማ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በትምህርት ቤት ብቻ የሚታይ ፍርሃት ያለው ልጅ ቤቱ ውስጥ ደህና ይመስላል።

የተሳሳተው፦ «ስለ ሞት ከጠየቅነው ሐሳቡን እናስገባበታለን»

እውነታው፦ አናስገባበትም። በርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ለብዙ ልጅ እፎይታ ነው። አደጋው ያለው ጥያቄውን ከቅጹ ላይ በእስክሪብቶ መሰረዝ ላይ ነው። ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ የሚጠይቀው የፒኤችኪው-9 ዘጠነኛ ጥያቄ ለብቻው ይታያል፦ ድምሩ 4 ቢሆንም እዚያ ላይ 1 ካለ በዚያኑ ቀን ልጁ ይጠየቃል። ሐሳቡ ብቻ ነው ወይስ እንዴትና መቼ ብሎ አስቧል? ከዚህ በፊትስ ሞክሮ ያውቃል? ካሰበበት ብቻውን አይተውም፤ ቤት ያለ ፀረ-ተባይና መድኃኒት ይቆለፋል፤ ከታመነ ቤተሰብ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሄዳል። ማታ ተሰብስቦ የሚደመር ቅጽ ይህን ልጅ ያልፈዋል፤ ዘጠነኛው ጥያቄ ልጁ ከወንበሩ ሳይነሳ ይታይ።

የተሳሳተው፦ «ድካም፣ የልብ ምት፣ እንቅልፍ ማጣት፦ ያው ጭንቀት ነው»

እውነታው፦ የደም ማነስም ያደክማል፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክም ልብ ያስመታል፣ በቆላው ቆቦ ወባም አለ። ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የሚማር ልጅ «ደክሞኛል» ሲል እውነቱን ነው። ጫት ደግሞ በቀጥታ ይጠየቅ፦ ምርቃናው ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይከለክላል፤ ሲወርድ ዱካክ ያመጣል፣ ሆድ ያስብሳል። በምርቃና ማግስት የተሞላ ቅጽ ስለ ጫቱ ይናገራል። ቤተሰቡ «ልክፍት ነው» ብሎ ጸበል ወይም ዱዓ ቢይዝ ለመጣላት ምክንያት የለም፤ ሁለቱም ሕክምናን አይከለክሉም።

የተሳሳተው፦ «አንዴ ለክተነዋል፤ አልቋል»

እውነታው፦ በጣም በከፋው ቀን የተለካ ልጅ ምንም ሳይደረግለት እንኳ በሁለተኛው ልኬት ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ከ16 ወደ 14 መውረድ «ተሻለው» አያሰኝም፤ በፒኤችኪው-9 ቢያንስ 5 ነጥብ ሲቀንስ ነው ለውጥ የሚባለው። ሁለተኛው ልኬት ከሁለት ሳምንት በፊት አይሁን፤ አለበለዚያ ስለ ተመሳሳይ ቀናት ሁለቴ መጠየቅ ነው። ያው ቅጽ፣ ያው አንባቢ፣ ያው ቦታ ይሁን፤ በቅጹ ጠርዝ ላይም ቀኑ፣ ማን እንዳነበበው፣ ጾም ወይም ፈተና መሆኑ ይጻፍ።