ስትሮክ ምንድን ነው? ቶርክ የሚሰጠውስ እሱ ነው?

አሁንስ በዛ። ስለ ሃይሉክስ ሞተር ክርክር በተነሳ ቁጥር አንዱ ብቅ ይልና «ስትሮኩ ረዥም ነው፣ ቶርኩ (የማዞር ኃይሉ) የመጣው ከዚያ ነው» ብሎ ይደመድማል። የሰሞኑ ተከራካሪ ማስረጃም ይዞ ነው የመጣው። ከሃይሉክስ ናፍጣ ሞተሮች ቱርቦ የሌለው የ5ኤል ስትሮክ 96 ሚሊ ሜትር፣ ቱርቦ ያለው የ1ኬዲ 103። «ዳገት ላይ የሚታየው ልዩነት ይኸው!» ይላል።

ስትሮክ ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው የሚጓዘው ርቀት ነው። የክራንክ ሻፍቱ (የፒስተኑን ወደ ላይና ወደ ታች ጉዞ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ) ክንድ እጥፍ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንጣላም።

ጠቡ ያለው ክንዱ ላይ ነው። ሰውየው የሚያስበው የጎማ መፍቻ ነው። እጀታው ላይ ቱቦ ሰክተህ ካስረዘምከው ግትር ያለው ብሎን እሺ ይላል። ልክ ነው፣ ግን ምሳሌውን ግማሽ መንገድ ላይ ተወው። መፍቻውን የሚገፋውስ ማነው? ሞተር ውስጥ ክንዱን የሚገፋው ፒስተኑ አናት ላይ የሚያርፈው ግፊት ነው። ፒስተኑ ሲሰፋ ኃይሉ ይጨምራል፣ ሲጠብ ይቀንሳል። ሲሲውን (ፒስተኖቹ በጉዟቸው የሚጠርጉትን ጠቅላላ መጠን) ሳትለውጥ ስትሮኩን ካስረዘምክ ደግሞ ፒስተኑ የግድ ይጠባል። ቱቦውን ሰካህ፣ ጎረምሳውን ግን አሰናብተህ በቦታው ቀጫጫ ልጅ አቆምክ ማለት ነው። በክንዱ ያተረፍከውን በጉልበቱ ከሰርክ፣ ሂሳቡ ተጣፋ። በዚያ ላይ የረዥም እጀታ ጫፍ ሰፊ ክብ ነው የሚዞረው። በደቂቃ እኩል ዙር ለመዞር ልጁ መሮጥ አለበት።

ደግሞ እኮ የ5ኤልና የ1ኬዲ ሲሲ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ 2,986 እና 2,982። የ5ኤል ቦር (የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት) 99.5 ሚሊ ሜትር፣ የ1ኬዲ 96 ነው። ቶርኩ ግን 5ኤል ላይ 200 ኒውተን ሜትር አካባቢ ሲሆን 1ኬዲ ላይ ከ340 ያልፋል። በ7 በመቶ የረዘመ ስትሮክ ቶርክን በ70 በመቶ አያሳድግም፣ ወንድሜ! ሥራው የቱርቦው ነው። አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ብዙ ናፍጣ ማቃጠል ይቻላል። አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሲደክም ልዩነቱ ይብሳል።

ስትሮክ ቶርክ የሚጨምረው ቦሩ ሳይነካ ሲረዝም ነው። ያኔ ሲሲው ራሱ ያድጋል። ኋላ የመጡትን የሃይሉክስ ናፍጣ ሞተሮች፣ 2ጂዲንና 1ጂዲን ተመልከቱ። የሁለቱም ቦር 92 ነው። ስትሮኩ ከ90 ወደ 103.6 ሲረዝም ሲሲው ከ2,393 ወደ 2,755 ወጣ፤ ሁለቱም 15 በመቶ። ቶርኩ ደግሞ አውቶማቲክ ካምቢዮ ባለው የ2015 ሃይሉክስ ላይ 400 እና 450። «ሲሲውም ጨመረ፣ ክንዱም ረዘመ» ብሎ ሁለት ጊዜ የሚቆጥር ሰው 30 በመቶ ሊጠብቅ ነው፤ ያገኘው 12.5 ብቻ። ስትሮኩ እኮ ሲሲው ውስጥ አንዴ ተቆጥሯል። (ቱርቦ ባለው ሞተር ላይ ቶርኩን የሚወስነው ፋብሪካው የፈቀደው ልክ ጭምር ነው። ያው 1ጂዲ በማንዋል ካምቢዮ 420 ነበር።)

የልጁ ሩጫስ? በ3,400 ዙር የ2ጂዲ ፒስተን በአማካይ በሰከንድ 10.2 ሜትር ይጓዛል፣ የ1ጂዲ 11.7። ለናፍጣ ሞተር ይሄ ምንም አይደለም። ከፍ ባለ ዙር ለሚሠራ ቤንዚን ሞተር ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሆንዳ በ2004 ለአሜሪካ ገበያ የኤስ2000ን ስትሮክ ከ84 ወደ 90.7 ሲያስረዝም ቶርኩ ጨመረ፣ ወደ 9,000 ይጠጋ የነበረው የዙር ገደብ ግን ወደ 8,000 ወረደ። የፈረስ ጉልበቱ እዚያው 240 ላይ ቀረ።

ክንዱ የረዘመ ክራንክ ሻፍት ብቻ ገዝቶ ለመግጠም የምታስቡ ደግሞ ተጠንቀቁ። ከ2ጂዲ ወደ 1ጂዲ እንደሆነው ስትሮክ በ13.6 ሚሊ ሜትር ሲረዝም ፒስተኑ ወደ ላይ በ6.8 ሚሊ ሜትር ያልፋል። እዚያ ያለው ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ነው። ወይ ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ ማጠር፣ ወይ የፒስተኑ ፒን ቀዳዳ ወደ አናቱ ከፍ ማለት አለበት። ይህንን አስተካክላችሁ የቃጠሎ ክፍሉን መጠን እንደነበረ ብትተዉት፣ 15.6 የነበረው የ2ጂዲ ኮምፕሬሽን (አየሩ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ የሚያሳየው ቁጥር) ወደ 17.8 ይወጣል።