«ማስረጃህ የታለ?»፦ ስለ እምነትና ማስረጃ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እዚህ «እምነት» ስል ሃይማኖትን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ «ነገ ይዘንባል» ብሎ ማሰብም እምነት ነው።

«ማስረጃ ማለት ሰነድ ነው።»
እናቴ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ዶሮ ሲጮኽ እንደተወለድኩ ትነግረኛለች። የልደት ምስክር ወረቀቴ የተጻፈው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እሷው ለጸሐፊው በሰጠችው ቃል ነው። ታዲያ ማኅተሙ ያረፈበት ወረቀት ከእናቴ ቃል በምን ይበልጣል? የታመነ ሰው ምስክርነትም ማስረጃ ነው፤ ፍርድ ቤት ምስክር የሚሰማው በከንቱ አይደለም።

«ያመንኩት እውነት ሆኖ ከተገኘ፣ ማመኔ ልክ ነበር።»
ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህኛው ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ዊሊያም ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ስለ አንድ የመርከብ ባለቤት ጽፏል። መርከቧ አርጅታለች፣ በየጊዜው ተጠግናለች። ስደተኞችን አሳፍራ ልትነሣ ስትል ባለቤቱን ጥርጣሬ ገባው፤ ማስመርመርና ማሳደስ ግን ገንዘብ ያስወጣል። «ስንቱን ማዕበል አልፋለች፤ አሁንም ፈጣሪ ይጠብቃታል» እያለ ጥርጣሬውን አፍኖ ሸኛት። መርከቧ ከነተሳፋሪዎቿ ሰጠመች፤ እሱም የመድን ገንዘቡን ተቀበለ። ክሊፎርድ ቀጥሎ ይጠይቃል፦ በሰላም ደርሳ ቢሆንስ? ጥፋቱ ቅንጣት አይቀንስም፤ ሳይታወቅበት ይቀራል እንጂ። ፍሬኑ በሚያጠራጥር መኪና የዓባይ በረሃን ቁልቁለት ወርዶ፣ በሰላም ሲሻገር «አላልኳችሁም?» የሚል ሾፌርም ከዚህ ሰውዬ አይለይም።

«እንግዲያው እያንዳንዱ እምነት ማስረጃ ሊቀርብለት ግድ ነው።»
ክሊፎርድ ራሱ እዚህ ድረስ ሄዷል፤ እኔ ግን አልከተለውም። ለማስረጃው ማስረጃ፣ ለዚያም ሌላ ማስረጃ እየተባለ ከተሄደ መቆሚያ የለውም። ትናንት ማታ ሽሮ መብላቴን የማውቀው ስለማስታውስ ነው። ትዝታዬ የሚታመን መሆኑን ላረጋግጥ ብነሣ ደግሞ መልሼ የምደገፈው ያንኑ ትዝታ ነው። (ሳህኑማ ታጥቧል።)

«ማስረጃ ካልቀረበ ነገሩ ሐሰት ነው።»
አይደለም። ገና አልታወቀም ማለት ነው።

«ዊሊያም ጄምስ የወደድከውን እመን ብሏል።»
አላለም። አሜሪካዊው ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1896 ለክሊፎርድ መልስ ሲሰጥ፣ ያለ በቂ ማስረጃ ለማመን ለሰጠው ፈቃድ አጥር አበጅቶለታል፦ ጉዳዩ በማስረጃ የማይቆረጥ፣ ሁለቱም ወገን ልብን የሚስብ፣ ምርጫው ከባድና መሸሻ የሌለው ሲሆን ብቻ። የመርከቡ ባለቤት ከዚህ አጥር ውጪ ነው፤ አናጺ ጠርቶ ማስመርመር ይችል ነበርና።