ዌት ብሉ ምንድን ነው?

ቤት ውስጥ ያረጀ የቆዳ ጫማ ካለ ጠርዙን በምላጭ ቆረጥ አድርጉና እዩት። ላዩ ጥቁር ወይም ቡናማ ነው። መሀሉ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ግራጫ የሚያደላ ሰማያዊ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቀለሙ ውስጡ ድረስ ስላልዘለቀ ነው እንጂ ሌላ ምስጢር የለውም። ያ ሰማያዊ ቆዳ የሚለፋበት ክሮም የሚባል ብረት ቀለም ነው። ጫማው አንድ ወቅት ዌት ብሉ ነበር ማለት ነው።

ዌት ብሉ (በእንግሊዝኛ «እርጥብ ሰማያዊ») ጥሬ ቆዳ በክሮም ጨው ከለፋ በኋላ፣ ገና ሳይደርቅና ሳይቀለም ያለበት ደረጃ ነው። እርጥብ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ አይበሰብስም። ተጠቅልሎና ተጭኖ ከአገር አገር የሚሸጠውም ለዚህ ነው። ጥሬ ቆዳ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሙቀቱ 65 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይኮማተራል። በደንብ የለፋ ዌት ብሉ ግን የፈላ ውሃ ይችላል። ፋብሪካ ውስጥ ሥራው መሳካቱን የሚፈትሹት በዚሁ ነው፤ ቁራጭ ይቆርጡና ዙሪያውን በእርሳስ ወረቀት ላይ ይነድፋሉ፣ ጥቂት ደቂቃ ያፈሉታል፣ መልሰው ንድፉ ላይ ያስቀምጡታል። ካልጠበበ አልፏል።

ስለ ቆዳ ኢንዱስትሪ የአካባቢ ጥበቃና ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲወራ ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው መጨረሻው ላይ ነው፤ ቦርሳው ላይ፣ መለያው ላይ። እኔ ግን መታየት ያለበት ይሄ ደረጃ ነው ባይ ነኝ። አብዛኛው ቆሻሻ የሚወጣው ከዌት ብሉ በፊት ነው። አብዛኛው ገንዘብ የሚገኘው ደግሞ ከዌት ብሉ በኋላ ነው።

ከዚያ በፊት ምን ይሠራል? መጀመሪያ ቆዳው እንዳይበላሽ የተነሰነሰበት ጨው ታጥቦ ይወጣል። ቀጥሎ ትልልቅ ተሽከርካሪ ድራሞች ውስጥ ከኖራና ከሶዲየም ሰልፋይድ ጋር ይገባል። ፀጉሩ ይሟሟል። ሥጋና ስቡ በማሽን ይፋቃል። ኖራው ይታጠባል፣ ከዚያ አሲድና ጨው፣ ከዚያ ክሮም። በየደረጃው ውሃ ይገባል፣ የቆሸሸ ውሃ ይወጣል። አንድ ቶን ጥሬ ቆዳ ገብቶ ያለቀለት ቆዳ ሆኖ የሚወጣው ሩብ ቶን ቢሆን ነው። ሌላው ጥራጊ፣ ዝቃጭና ፍሳሽ ነው።

ሠራተኛውን በአንዴ ሊገድል የሚችለው ነገርም ያለው እዚሁ ነው። ሰልፋይድ ያለበት ውሃና አሲድ ያለበት ውሃ አንድ ቦይ ውስጥ ሲገናኙ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይፈጠራል። መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ሲጨምር አፍንጫ ያደነዝዛል፣ ሽታውም የጠፋ ይመስላል። ጉድጓድ ሊጠርግ የወረደ ሰው ይወድቃል፣ ሊያወጣው የወረደው ጓደኛውም ይወድቃል። በብዙ አገር ቆዳ ፋብሪካዎች ተደጋግሞ የታየ አደጋ ነው። መፍትሔው ያን ያህል ውስብስብ አይደለም፦ ሁለቱን ቦዮች መለየት፣ የጋዝ መለኪያ መግዛት፣ ያለ መለኪያና ያለ ገመድ ጉድጓድ የሚወርድ ሰው እንዳይኖር ማድረግ። ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲባል እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው። ችግኝ ተከላው ይደርሳል።

ክሮሙስ? ክሮም ስሙ ከሚገባው በላይ ጠፍቷል። ክሮም በተለያየ መልክ ይገኛል፤ ለማልፋት የሚውለው ክሮም ሦስት የሚባለው ነው፤ ካንሰር በማምጣት የሚታወቀው ክሮም ስድስት የሚባለው ነው። አያያዙ ካልተስተካከለ ግን ክሮም ሦስቱ ቆዳው ውስጥ ሆኖ ወደ ክሮም ስድስት ሊቀየር ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ከሰውነት ጋር የሚነካካ የቆዳ ዕቃ ላይ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኪሎ ከ3 ሚሊግራም ያነሰ እንዲሆን የገደበው ይህንኑ ክሮም ስድስት ነው። ሌላው ችግር ብክነቱ ነው። በተለመደው አሠራር ከተጨመረው ክሮም ሲሶ ያህሉ ቆዳው ውስጥ ሳይገባ በውሃው ይወጣል። ማስቀረት ግን ይቻላል። ውሃውን ለብቻ አጠራቅሞ፣ በማግኒዥየም ኦክሳይድ አዝቅጦ፣ ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ መልሶ ድራም ውስጥ መክተት ይቻላል። በጣሊያን ሳንታ ክሮቼ ያሉ ፋብሪካዎች ይህን የሚያደርግ የጋራ ጣቢያ አላቸው። «ከክሮም ነፃ» የሚል ጽሑፍ ስታዩም ኖራውና ሰልፋይዱ ቀርቷል ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ2000 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ጥሬ ቆዳና ሌጦን፣ ዌት ብሉንም ጨምሮ በከፊል የተዘጋጀ ቆዳን ወደ ውጭ በሚልኩ ላይ 150 በመቶ ታክስ ጣለች። እዚሁ ጨርሳችሁ ላኩ ነው ነገሩ። ዓላማው ገንዘብ ነበር፣ ትክክልም ነበር። ምክንያቱም ዌት ብሉ ሲላክ ቆሻሻው ድሮም እዚሁ ይቀር ነበር፤ የሚሄደው ትርፉ ነበር። የፍሳሽ ማጣሪያው ግን እኩል አልሄደም። የሞጆ ወንዝ በከተማዋ ቆዳ ፋብሪካዎች አጠገብ አልፎ ወደ ቆቃ ይወርዳል። ፍሳሹ ለዓመታት ሲያነጋግር ኖሯል፤ የጋራ ማጣሪያ ያለው የቆዳ ከተማ እንገንባ የሚለው ሐሳብም የመጣው ከዚህ ነው።

ባንግላዴሽ ያደረገችው ሌላ ነው። ዳካ መሀል ሀዛሪባግ የነበሩትን ፋብሪካዎች በ2017 (እ.ኤ.አ.) ወደ ሳቫር አዛወረች። የጋራ ማጣሪያው ግን በወቅቱ አላለቀም ነበር። ብክለቱ ከቡሪጋንጋ ወንዝ ወደ ዳሌሽዋሪ ተዛወረ።

አሁን ገዢ ኩባንያዎች የሚጠይቁት በአብዛኛው የሌዘር ዎርኪንግ ግሩፕን ሰርተፊኬት ነው። ቡድኑ በ2005 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተ ሲሆን ፋብሪካዎችን በውሃ፣ በኃይል፣ በኬሚካልና በቆሻሻ አያያዝ መዝኖ ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ ይሰጣል። ጠቃሚ ነው። ሆኖም ዌት ብሉ ገዝቶ ቀለምና ልስላሴ ብቻ የሚጨምር ፋብሪካ ወርቁን ያገኘው እሱ በሠራው ሁለተኛው ግማሽ ሥራ ብቻ ነው። ያን ዌት ብሉ ያለፋው ሌላ አገር ያለ ሌላ ፋብሪካ ነው። ሰርተፊኬቱ ላይ ፋብሪካው ሥራውን ከየትኛው ደረጃ እንደሚጀምር ይጻፋል። «ከጥሬ ቆዳ» ካላለ ቀጣዩ ጥያቄ ዌት ብሉው ከየት መጣ የሚለው ነው።